በበጋ ማደሪያ መክረም

ለውድ እህቴ ለማቪስ፣

እንደምን ከረምሽልኝ፣ እህት ዓለም? ያ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ አሁንስ ተሻለሽ ወይስ ሕመሙን ለምደሽው ዝም አልሽ? ስታንሊን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እናንተ ዘንድ፣ ከምድር ወገብ ወዲያ፣ አሁን ፀሐዩ የሚበረታበት ወር ነው። ይህን የምታነቢው በረንዳ ላይ ተቀምጠሽ፣ እግርሽን በርጩማ ላይ ሰቅለሽ ይመስለኛል። እኔ አለሁ። እጄ በብርዱ ከመሰነጣጠቁ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም፤ ለዚህም አምላክ ይመስገን።

መልሴ ስለ ዘገየብሽ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከገና በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በረዶው መንገዱን ስለ ዘጋው የፖስታ መኪና ወደ እኛ ተራራ ሳይወጣ ብዙ ሰነበተ። ያዘገየኝ ግን በረዶው ብቻ አይደለም። «ክፍሉ ተቀብቶልሻል፣ መስኮቱ ወደ ሎሚው ዛፍ ያያል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ተነሺና ነይ» ያልሽውን በሽርጤ ኪስ ይዤ ከምድጃው ወደ በጎቹ፣ ከበጎቹ ወደ ምድጃው ስመላለስ ከረምኩ። ወረቀቱ በየእጥፋቱ ተበጣጥሷል። ሎሚ ከዛፉ ላይ ቀጥፌ አላውቅም፤ የማውቀው ከሱቅ የሚገዛውን ነው። ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።

አማቴ እማማ ሎውሪ በመጸው መጀመሪያ ላይ ራሳቸውን ስተው መውደቃቸውን ሰምተሻል። ቀኝ ጎናቸው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ግን አልነገርኩሽም፤ እንግሊዝኛቸው ጠፋ፣ ዌልስኛቸው ብቻ ቀረ። ሐኪሙ እንደዚህ ያለ ነገር ይሆናል አለኝ፤ ኋላ የመጣው ቀድሞ ይሄዳል፣ ከእናት ጡት ጋር የገባው ይቀራል አለ። ለእንግዳ ብለው የሚደርቡትን ካፖርት አውልቀው እንደ ጣሉት ሆነ። አንቺ እንደምታውቂው እኔ ከኒውፖርት ወደብ ሠፈር የወጣሁ ሰው ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ ለእርሻ ሥራ ወደዚህ ስላክ ከአፌ የሚወጣው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ ማይሪግን አግብቼ፣ ኔስታን ወልጄ፣ ፀጉሬ እስኪሸብትም ሌላ አልጨመርኩበትም። አሁን በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች አለን፤ አንደኛዋ የምትናገረውን ሌላዋ አታውቅም። በሩ በበረዶ ተዘግቷል።

ከመንግሥት የተላከች አንዲት ሠራተኛ በጥር ወር በእግሯ በረዶውን ጥሳ መጣች። በባሕሩ ዳር ባለችው ከተማ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ አንድ አልጋ ተገኝቷል አለችኝ። እስከዚህ ወር መጨረሻ መልስ ካልሰጠሁ ለሌላ ይሰጣል። «ወይዘሮ ሮበርትስ፣ የድርሻዎን ተወጥተዋል፤ ከእንግዲህ ለራስዎም ይኑሩ» አለችኝ። አማቴ እዚያ ከገቡ በጎቹን ጎረቤቴ ኤምሪስ ይረከበኛል፣ እኔም ወዳንቺ እመጣለሁ። ካልገቡ ግን የትም አልሄድም፤ እሳቸው ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ልባቸው ግን እንደ ፈረስ ልብ ነው። እንግዲህ በሽርጤ ኪስ የከረመው ይኼ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ባላስታውሳቸው ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ይጠይቁኛል፣ ትራስ አመጣለሁ፤ ይቆጣሉ፣ ውሃ አመጣለሁ፤ ይብስባቸዋል። የፈለጉት መጋረጃው እንዲገለጥ ነበር። መጀመሪያ ያወቅኩት ቃላቸው «ፓይድ» የሚለው ነው፤ «ተዪ» ማለት ነው። ፀጉራቸውን ሳበጥር ፓይድ፣ ሳጎርሳቸው ፓይድ። ቀኑን ሙሉ ተዪ ሲባል የሚውል ሰው ምን እንደሚሰማው አንቺ ታውቂያለሽ፤ አባታችን ዘንድ አድገናል። አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁና ከበጎቹ በረት ውስጥ ቆሜ በእንግሊዝኛ የምችለውን ስድብ ሁሉ ተሳደብኩ። በጎቹ እያመነዠኩ አዩኝ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁ፤ ሌላ የምገባበት ቤት የለኝም።

ያን ለት ነው መማር የጀመርኩት። እኔና አንቺ ትምህርት ቤት ብዙ እንዳልቆየን፣ እኔ ማንበብን ከዓሣ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ እንደ ለቀምኩ ታስታውሻለሽ፤ እጄ ዘይት ዘይት እየሸተተ። አሁንም እንደዚያው ነው። የእማማ ሎውሪ የመዝሙር መጽሐፍ ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ጭናቸው ላይ ዘርግቼ ጣቴን ከቃሉ ሥር አስኬዳለሁ፣ ስሳሳት በደኅናው እጃቸው ጣቴን መታ ያደርጉታል። ኒውፖርት የነበረችው አስተማሪያችን በማስመሪያ ከምትመታን ይሻላል፤ ግን ብዙም አይሻልም። ሠላሳ ዓመት በየእሑዱ ጸሎት ቤት ተቀምጬ እነዚያን መዝሙሮች ሰምቻለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእኔ ነው።

ቃሎቻቸው ግን ይገርሙሻል፣ ማቪስ። ፈራሁ አይሉም፤ «ፍርሃት በላዬ አለ» ይላሉ። ረኀቡም፣ ጉንፋኑም፣ ዕዳውም እንዲሁ በላያቸው ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ተሸክሞ የሚሄድ ይመስልሻል። ይቅርታ ለማለት ደግሞ «በእኔ ዘንድ መጥፎ ነው» ይላሉ። ሽታን ያሸቱታል አይባልም፣ ይሰሙታል፤ እማማ ሎውሪ ድንች ሲያርርብኝ «ይሰማኛል» ብለው ይጮኻሉ፣ እኔም መጀመሪያ በር የተንኳኳ መስሎኝ ሄጄ ከፍቻለሁ። ዝናብ ሲያወርደው «አሮጊቶችና በትሮች ይዘንባሉ» ይሉታል። ይህን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እኛ ቤት ሁለት አሮጊትና አንድ በትር ስላለ ጣሪያው ቀዳዳ ሳይኖረው አይቀርም። የዓይን ብሌንን «የዓይን ሻማ» ነው የሚሉት። አማቴ የማይሪግን ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ አስወርደውኝ ሲያዩት ሲያዩት ይቆዩና የዓይኔ ሻማ ይሉታል። እኔ ልጃቸውን በእንግሊዝኛ ነው ያወቅኩት። አንዳንዴ ሌላ ሰው የሚያለቅሱ ይመስለኛል።

የእርሻችን ስም ሃቮድ መሆኑን በየፖስታው ላይ ትጽፊዋለሽ። እኔም ሠላሳ ሁለት ዓመት ስጽፈው ኖሬያለሁ፤ ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም። ሃቮድ ማለት የበጋ ማደሪያ ማለት ነው። ድሮ ሰዎቹ በጋ ሲመጣ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደዚህ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ብርዱ ሲጀምር ወደ ቆላው ወደ ዋናው ቤታቸው ይወርዳሉ። ክረምትን እዚህ ለማሳለፍ ያሰበ ሰው አልነበረም። ዋናው ቤት በአያቶች ዘመን ተሸጠ፤ የበጋው ብቻ ቀረ። ይህን ያወቅኩ ጊዜ የመስኮቱን በረዶ በጥፍሬ እየፋቅሁ ነበር። ስሙ ራሱ ውረዱ ይላል፤ እኛ ግን ከርመንበታል።

ከዚህ አገር ሰዎች አንድ ልማድ ልንገርሽ፤ ሳትሰሚው እኔ ያለሁበት አይገባሽም። አሥር ሰው ተሰብስቦ በቋንቋው ሲያወራ ቋንቋውን የማያውቅ አንድ ሰው ከገባ፣ አሥሩም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ማንም አያዝዛቸውም፤ እንግዳን ማሳፈር ነውር ስለሆነ ነው። ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። በሸለታ ቀን ለሃያ ሰው ሻይ ይዤ ስገባ ሳቁ በር ላይ ሲቆረጥ እሰማው ነበር። ከዚያ አንዱ ቀልዱን ለእኔ ብሎ በእንግሊዝኛ ይደግመዋል፤ ሁለተኛ የሚስቅ ግን የለም። እንዲህ ሳዞራቸው ነው የኖርኩት። ኔስታ ስትወለድ ማይሪግ በቋንቋው እሹሩሩ ይላት ጀመር፤ «በገዛ ቤቴ ባዕድ አታድርገኝ» አልኩት። አንቺም ያኔ ልክ ነሽ ብለሽ ጽፈሽልኛል። አልተከራከረኝም፤ ዞረ። እናቱም ዞሩ። ለእማማ ሎውሪ እንግሊዝኛ እንደ ጠበበ የእሑድ ጫማ ነበር፤ በራሳቸው ማዕድ ላይ አጭር አጭር ይናገሩና ዝም ይሉ ነበር። እኔ ዝምተኛ ሴት ናቸው እል ነበር። ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ አያቆሙም። አንድ ሰው እንኳ ቢቆጣኝ ኖሮ ብዬ አስባለሁ፤ በዚህ አገር ግን ሰው አይቆጣሽም፣ ይዞርልሻል።

በገና ኔስታ ከበርሚንግሃም መጥታ ነበር። አያቷ እጇን ይዘው ረጅም ነገር ነገሯት። እሷም ዞር ብላ፣ «እማዬ፣ ምንድን ነው የምትለኝ?» አለችኝ። እኔን ነው የጠየቀችኝ። «እጅሽ ቀዝቅዟል፣ ወደ እሳቱ ሂጂ ነው» አልኳት። ከዚያ የበለጠ ብለው ነበር፤ እኔ የያዝኩት ግን ያንን ብቻ ነው። ኔስታ ወደ እሳቱ ሄደች።

በጥር መጨረሻ ነፋሱ በረዶውን ቆልሎ በጎቹን ቀበራቸው። እንደ ወጉ ጎረቤቶቹ ረጃጅም ዘንግ ይዘው መጡ፤ በረዶውን እየወጉ ለስለስ ያለ ነገር ሲነካቸው ይቆፍራሉ። ሲመሻሽ ወደ ወጥ ቤቴ ገቡ፤ የበግ ሥጋና ድንች ቀቅዬ ጠብቄያቸው ነበር። ድስቱን ይዤ ስገባ የለመድኩት ዝምታ መጣ፣ ኤምሪስም በእንግሊዝኛ ስለ በረዶው ሊነግረኝ ጀመረ። እኔ ግን ሌሊቱን ሁሉ ስለማመደው ያደርኩትን ይዤ ነበር፤ ቆም አልኩና በቋንቋቸው «ለእኔ ብላችሁ አትዙሩ» አልኳቸው። ከዚያ ኤምሪስ ፈገግ ብሎ፣ «ጎበዝ ሮዳ፣ በጣም ጥሩ ነው» አለኝ፤ በእንግሊዝኛ። ወሬውንም በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ሚስቱ ኦልዌን በክርኗ ብትጎስመው፣ «ምን ላድርግ? በዚህ አገር በእንግሊዝኛ የምናዝዘው ውሻውን ነው፤ ለውሻውም ለሮዳም አፌ እንዲሁ ለምዷል። አሁን ብለውጠው ሁለቱም ግራ ገብቷቸው በጎቹን ይበትኑብኛል» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ክፋት አልነበረበትም። እማማ ሎውሪ ግን ከምድጃው አጠገብ ካለው ወንበራቸው ሆነው፣ «እናንተ ልጆች፣ አፋችሁን ማን ሰፋው? በሰው አገር ያላችሁ ይመስል ምን ታንሾካሹካላችሁ?» ብለው ጮኹባቸው። ያን ጊዜ ለእሳቸው በዌልስኛ፣ ለእኔ በእንግሊዝኛ፣ አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ ሲያመላልሱ በሉ።

ከዚያ በኋላ ኦልዌንን ለብቻዋ ያዝኳት። «ከእኔ ጋር ተናገሪልኝ እንጂ» አልኳት። እሺ አለች፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገረችና እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። «አልቻልኩም ሮዳዬ፤ ፊትሽን ሳይ እንግሊዝኛው ይመጣብኛል። ቄሱን በቅጽል ስሙ እንደ መጥራት ነው» አለችኝ። ልፈርድባት አልችልም። ቃሉን ይዤ የማንኳኳው በር ሁሉ በትሕትና ይዘጋብኛል። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ለእኔ የማይዞሩ አንድ ሰው ብቻ አሉ፤ እሳቸውም የማይዞሩት የሚዞሩበት ስለ ጠፋባቸው ነው።

መንገዱ ሲከፈት ያንን የአረጋውያን ቤት ላየው ሄድኩ፤ ኤምሪስ በመኪናው አደረሰኝ። ንጹሕ ነው፣ ማቪስ። ሙቀት አለው፣ ባሕሩ ይታያል፣ የአልጋ ልብሶቹም እንደ ወረቀት የታጠፉ ናቸው። ኃላፊዋ ደግ ሴት ናት። ቋንቋውን የሚያውቅ ሠራተኛ አለ ወይ ብላት፣ «ለጊዜው የለም፤ ደግነት ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም» አለችኝ። ይሆን ይሆናል፤ ውሃ የጠማው ሰው ግን ያስፈልገዋል ብዬ አሰብኩ። በመስኮቱ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ የነበሩ ናቸው፣ ጣቶቻቸው ያስታውቃሉ። «እሳቸው አይናገሩም፤ ከመጡ ጀምሮ ዝም ያሉ ሰው ናቸው» አለችኝ። ውጭ ይዘንብ ስለነበር ጎንበስ ብዬ በዌልስኛ «አሮጊቶችና በትሮች እየዘነቡ ነው» አልኳቸው። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ቀና ብለው አዩኝ። «የየትኛው እርሻ ነሽ?» አሉኝ፤ በዚህ አገር ሰው የሚጠየቀው ስሙን ሳይሆን ቤቱን ነው። የሃቮድ ነኝ አልኳቸው። ከዚያ ያ ዝምተኛ የተባለው ሰው ተከፈተ። ከሚያወሩኝ አንድ አምስተኛውን እንኳ አልያዝኩም። ስለ አንድ ድልድይ ነው፣ ስለ ወንድማቸው፣ ስለ አንዲት ፈረስ፤ ፈረሷ ውሃ ውስጥ ገብታ ይሁን ወጥታ እንጃ። በሚገባኝ ቦታ ራሴን ነቀነቅሁ፣ በማይገባኝም ነቀነቅሁ። ፊታቸው ቀላ፣ ሳቁ፣ እጅጌዬን ያዙ። የምታስታምማቸው ልጅ እየሮጠች መጣች። «አይዞዎት፣ አይረበሹ» እያለች እጃቸውን ከእጅጌዬ ላይ ጣት በጣት ፈታችው፤ ታመው መስሏት ነው። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ መለሰችው። እኔ ስወጣ እንደ ገና ዝም ብለው ባሕሩን ያዩ ነበር።

እንዲያም ሆኖ አልቆረጥኩም ነበር፤ እውነቱን እወቂው። ቤት ደርሼ ደብዳቤሽን እንደ ገና አነበብኩት። ሽማግሌው የእኔ አይደሉም፣ አማቴም የእኔ አይደሉም፣ እኔ የራሴን ሥጋና ደም መቼ አየሁ አልኩ። እሺ ብዬ እፈርማለሁ ብዬ ነበር የተኛሁት።

ማይሪግ በሞተ ጊዜ የጻፍኩልሽን ታስታውሺ ይሆናል። ሆስፒታል ውስጥ ትኩሳቱ ሲበረታበት እንግሊዝኛውን ተወ። አንድ ነገር ደጋግሞ ይለኝ ነበር፤ ሁለት ሦስት ቃል ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ «እሺ ማይሪግ፣ እሺ» እለው ነበር። ነርሷ ትኩሳቱ ነው የሚያናግረው አለችኝ፣ ለአንቺም እንዲያው ትኩሳት ነው ብዬ ጻፍኩ። የቃሉ ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ትርጉሙን ሰው እንዳልጠይቅ ፍርሃት በላዬ ነበር፤ እነሱ እንደሚሉት።

ባለፈው ማክሰኞ ድንች እልጥ ነበር። ከምድጃው ሙቀት የተነሣ በመስኮቱ ጠርዝ ስንጥቅ ውስጥ ከርማ የነበረች አንዲት ጥንዚዛ ነቅታ ወጣች፤ ያቺ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ቀይዋ። እማማ ሎውሪ አዩዋትና «ቲድ አን ኔስ» አሉኝ። እኔ ቀና ሳልል «እሺ፣ እሺ» አልኳቸው፣ ሥራ የያዘ ሰው እንደሚለው። ደገሙት። ከዚያ በደኅናው እጃቸው የሽርጤን ጫፍ ይዘው ሳቡኝ፤ ከነቢላዋዬ፣ ከነድንቼ፣ ጉንጬ ከጉንጫቸው አጠገብ እስኪደርስ ሳቡኝ። ከዚያም በጣታቸው አሳዩኝ። አጭሯ ቀይ ላም ነው የሚሏት፤ ያቺን የምታክል ፍጥረት ላም ብለዋታል። በመስታወቱ ላይ ስትወጣ ስትንሸራተት አየናት። ውጭው በረዶ ነው፣ የምትሄድበት የላትም።

ቀረብ በይ ማለት ነው፣ ማቪስ። ሌላ ምንም አይደለም። ለሕፃን የሚባል ነው፣ ብርድ ለመታው እንግዳ የሚባል ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ምን ታላቅ ነገር ነግሮኝ ይሆን እያልኩ ኖርኩ። ባሌ ቀረብ በይ እያለኝ፣ እኔ እሺ እሺ እያልኩት፣ ከወንበሬ ሳልነሣ ሞተ።

ያን ለት ድንቹ አልበሰለም። እማማ ሎውሪ ለምን እንደማለቅስ ቢጠይቁኝ «በእኔ ዘንድ መጥፎ ነው» አልኳቸው። ስለ ድንቹ መሰላቸው፤ ዳቦ በቅቤ እንብላ አሉኝ። በላን። ሐሙስ ዕለት ያቺ ሠራተኛ መልሴን ልትወስድ ስትመጣ አልጋውን ለሌላ ስጡት አልኳት። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። አይደለሁም አልኳት። ግን ስጡት።

እንግዲህ ደግ ሴት ሆንሽ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ ደግነት አይደለም። አንዳንድ ጠዋት አሁንም ተዪ ሲሉኝ ማንኪያውን ግድግዳ ላይ ብወረውር ደስ ይለኛል። በሩን ከፍቼ ደጁን አያለሁ፤ ነጭ ነው፣ እስከ ሸለቆው ነጭ ነው፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ። ይህ ተራራ አጥር የለውም። በጎቹ ግን ከድንበራቸው አያልፉም፤ እያንዳንዷ በግ የእናቷን ሣር ታውቃለች። ያንን የለመዱትን ቦታ ከኔቪን ይሉታል። እርሻ ሲሸጥ እንኳ በጎቹ ከተራራው ጋር ይሸጣሉ እንጂ አይነዱም፤ ቢነዱ ተመልሰው ይመጣሉ። ከቆላ ተገዝታ የመጣች በግ ግን ዕድሜዋን ሁሉ ቁልቁል እያየች ነው የምትግጠው። ኤምሪስ ይህን የነገረኝ እንዳገባሁ ነው፣ ስለ እኔ እያለ እንደሆነም ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። የሚለምዱት የዚያች በግ ግልገሎች ናቸው አለኝ። የእኔ ግልገል እንኳ በርሚንግሃም ነው የምትግጠው።

ስለዚህ ክፍሉን ለእኔ ብለሽ ባዶ አታቆዪው። ፓውሊን የስፌት መኪናዋን የምታስቀምጥበት አጣሁ ስትል ነበር፤ ለእሷ ስጪው፣ ብርሃኑም ለመርፌ ይመቻል። ሎሚው ሲያፈራ ግን አንድ ቅጠል በፖስታ ላኪልኝ። እማማ ሎውሪ ሽታውን ይሰሙታል፤ በቋንቋቸው ምን እንደሚባልም እጠይቃቸዋለሁ።

ስታንሊን አጥብቀሽ ሰላም በይልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቀው ማር በሙቅ ውሃ ይጠጣ እንጂ ያንን ፒፓውን ማጨስ ያቁም። ለፓውሊንና ለባለቤቷ ሰላምታዬ ይድረስ። ኪትን ፎቶግራፉ ደረሰኝ፣ ጢሙ አያምርብህም ብላለች አክስትህ በይው። ትንሿን ጆአንን ግንባሯን ሳሚልኝ። የምትሠራው ትንሽ ነገር ቢኖርሽም፣ ስትጠራሽ ተነሥተሽ ሂጂላት። ኦልዌንና ኤምሪስ ሰላም ብለዋችኋል፤ በእንግሊዝኛ ነው ያሉት። ኔስታም በስልክ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች።

ጽሕፈቴ እየተንጋደደ መሄዱን ሳታዪው አትቀሪም። ወንበሬን አስጠግቼ ነው የምጽፈው። እማማ ሎውሪ በደኅናው እጃቸው ግራ እጄን ይዘውታል፤ ወረቀቱን የሚይዝልኝ የለምና በጠረጴዛው ላይ ይንሸራተትብኛል። እሳቱ እየከሰመ ስለሆነ ከሰል ልጨምር ሁለት ጊዜ ልነሣ ሞክሬ ነበር። አልለቀቁኝም።

እህትሽ ሮዳ

ሃቮድ፣ ከባላ ከተማ በላይ፣ ሰሜን ዌልስ
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1979